የክለብ ባለቤት ስትመዝኑ መጋዘኑንም እዩ

ለ፦ የእንግሊዝ እግር ኳስ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት
ግልባጭ፦ ፕሪሚየር ሊግን በአማርኛ ለምትከታተሉ ወገኖቼ
ጉዳዩ፦ ለክለብ ባለቤትነት የሚቀርብ ሰው ሲመረመር ሠራተኞቹም እንዲጠየቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ኒውካስል የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ እልክላችኋለሁ። መጀመሪያ በአማርኛ የጻፍኩት ግን በምክንያት ነው። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ የእናንተን ኳስ የሚያይ ብዙ ሕዝብ አለ። ስለ አሰልጣኝ ይከራከራል። ስለ ዝውውር ሌት ተቀን ያወራል። ስለ ክለብ ባለቤት ሲነሳ ግን "ሀብታም ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ያልፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወገኖቼም እንዲያነቡት የፈለግኩት ለዚህ ነው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምጽፈው ስለ ኒውካስል ክለብ የቀድሞ ባለቤት ስለ ማይክ አሽሊ ነው። ሰውየው ከክለባችን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። "ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። እሱ በገባበት በር ሌላም ሰው ይገባል። አሁን የዚያ በር ጠባቂዎች ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የኒውካስል ደጋፊ የሆንኩት ገና ልጅ ሆኜ፣ አገር ቤት ነው። በ1996 አለን ሺረር በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን እናይ ነበር። ግብ አግብቶ አንድ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ እኛም አብረን እናነሳ ነበር። ኒውካስል በካርታ ላይ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዓመታት በኋላ ጥገኝነት ጠይቄ የማርፍበትን ከተማ ሲነግሩኝ ወረቀቱ ላይ ኒውካስል የሚለውን አነበብኩ። በዚያ ሰሞን ደስ ያለኝ ነገር ያ ብቻ ነበር። ክፍሌ ከስታዲየሙ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሴንት ጄምስ ፓርክ እንደ ሌሎች ስታዲየሞች ከከተማ ውጭ አይደለም። ኮረብታ ላይ፣ መሐል ከተማ ላይ ነው የተቀመጠው። ከየትኛውም ሰፈር ቀና ስትል ይታይሃል። 52 ሺህ ሰው ይይዛል። ለዚህ ከተማ ሕዝብ ልክ እንደ ደብር ነው።

አሽሊ ሥራ የጀመረው በ1982 ሜይደንሄድ በምትባል ከተማ በከፈተው አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው። ከዚያች ሱቅ ተነስቶ ስፖርትስ ዳይሬክትን አቆመ። ርካሽ ጫማ፣ ርካሽ ቱታ፣ ርካሽ ማሊያ ይሸጣል። ይህን አልንቅበትም። እዚህ አገር የመጀመሪያ ክረምቴን ያለፍኩት በርካሽ ጃኬት ነው፤ ልጅ ያለው ድሀ ርካሽ ጫማ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። በ2007 መጀመሪያ ኩባንያውን ለንደን አክሲዮን ገበያ አወጣና እሱ ብቻ ከ900 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በእጁ ገባ። ወዲያው በዚያው ዓመት ኒውካስልን ወደ 134 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ገዛ።

በዚያን ጊዜም ፕሪሚየር ሊግ የባለቤቶች መመዘኛ ነበረው። በዋናነት የሚያየው በማጭበርበር የተፈረደበት መሆን አለመሆኑን፣ ከስሮ ያውቅ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ነው። አሽሊ አለፈ። ማለፉ በደንቡ ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ደንቡ ላይ ነው። የመጠየቂያ ቅጹ ላይ "አንተ ጋ የሚሠሩ ሰዎች ማታ ወደ ቤታቸው የሚሄዱት እንዴት ሆነው ነው?" የሚል መስመር አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ሰው ወዶት ነበር። ማሊያ ለብሶ ከደጋፊው መሐል ይቀመጣል። በነሐሴ 2008 አርሰናል ሜዳ ላይ ከደጋፊ ጋር ቆሞ ቢራውን በአንድ ትንፋሽ ሲጨልጥ ካሜራ ቀርጾታል። "ከእኛ እንደ አንዱ ነው" ተባለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል በእኛ አገር። ጥቂት ቀናት እንኳ ሳይቆይ የከተማው ጣዖት ኬቪን ኪጋን ከአሰልጣኝነቱ ለቀቀ። የትኛው ተጫዋች ይገዛ የሚለው ላይ የመጨረሻው ቃል የእሱ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለት ነበር። ከዚያ እሱ የማይፈልገውን፣ ሲጫወት አይቶት የማያውቀውን ተጫዋች በውሰት አመጡበት። ልጁን በዩቲዩብ እንዲያየው ነገሩት። ጉዳዩ ዳኞች ፊት ቀረበ። በ2009 ለኪጋን ተፈረደለት፤ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ እንዲከፈለው ተወሰነ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ በውሳኔው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። ክለቡ ስለ ኪጋን ሥልጣን ለጋዜጠኛውም ለደጋፊውም የተናገረው እውነት እንዳልነበረ፣ ያንንም እያወቀ እንደተናገረ እዚያው ተመዝግቧል። ክለብ የገዛ ደጋፊውን እያወቀ አሳሳተ። ታዲያ ከዚያ በኋላ አንድም የእግር ኳስ መሥሪያ ቤት "ይህ ሰው አሁንም ብቁ ነው?" ብሎ አልጠየቀም።

ክለቡ በ2009 ወረደ። የመጨረሻዎቹን 8 ጨዋታዎች ራሱ ሺረር መጥቶ አሠለጠነ፤ አልተረፍንም። በ2016 እንደገና ወረድን። መውረድ ኳስ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ለዚያ ብቻ ማንንም አልከስም። በ2012 አምስተኛ ሆነን እንደጨረስንም አልረሳሁም። አሽሊ የክለቡን ዕዳ ከፍሏል፤ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያለ ወለድ አበድሯል። በ1885 የተመሠረተው ቤሪ የሚባል ክለብ በ2019 ከሊጉ ሲባረር፣ ደጋፊዎቹ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። አሽሊ እኛን እንደዚያ አላደረገንም። ይህ መነገር አለበት።

ግን አንድ ክለብ ሳይከስርም ክብሩ ሊወሰድ ይችላል።

በኅዳር 2011 የስታዲየማችንን ስም ቀየሩት። ሴንት ጄምስ ፓርክ መባሉ ቀርቶ ስፖርትስ ዳይሬክት አሬና ተባለ። ያኔ እዚህ ብዙም አልቆየሁም፤ እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። ጎረቤቴ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነበር የምናወራው። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈው ዝም አሉ። ከዚያ አባታቸው በትከሻቸው ተሸክመው መጀመሪያ ወደ ስታዲየሙ ያስገቧቸው ስንት ዓመታቸው ላይ እንደነበር ነገሩኝ። ግማሹን አልገባኝም። ዓይናቸውን ግን አየሁ። የሰውን የአባቱን ስም ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ ፍቀህ የሱቅ ስም እንደመጻፍ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ስሙ ተመለሰ። የመለሰው ማን መሰላችሁ? ዎንጋ የሚባል አበዳሪ። የማሊያ ስፖንሰር ሆኖ ሲመጣ የስያሜ መብቱን አብሮ ወስዶ የድሮውን ስም መለሰ። ዎንጋ ለተቸገረ ሰው እስከ ደመወዝ ቀን የሚሆን ትንሽ ብር ያበድራል። ወለዱ በዓመት ሲሰላ ከ4,000 በመቶ በላይ ነበር። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር አንድ ቃል አለ፤ አራጣ። የኒውካስል ምዕራባዊ ሰፈሮች ሥራ የጠፋባቸው፣ ብዙ ሰው በዕዳ የሚኖርባቸው ናቸው። በዚያ ሰፈር ያለ ልጅ ለገና የሚለምነው የክለቡን ማሊያ ነው። ልጁ ደረቱ ላይ የአራጣ አበዳሪውን ስም ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሄደ። በ2013 ሙስሊሙ አጥቂያችን ፓፒስ ሲሴ ያን ማሊያ አልለብስም ብሎ ነበር፤ በኋላ ተስማማ። ዎንጋ በ2018 ተዘጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሽርብሩክ።

ሽርብሩክ በደርቢሸር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበራት፤ በ1993 ተዘጋ። በዚያው የማዕድን ቦታ ላይ ስፖርትስ ዳይሬክት ግዙፍ መጋዘኑን ሠራ። የሚሠሩት ሰዎች ከ3,000 በላይ ሲሆኑ ከጥቂት መቶዎቹ በቀር ሁሉም በኤጀንሲ የመጡ ነበሩ። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በታኅሣሥ 2015 የዘ ጋርዲያን ጋዜጠኞች ተቀጥረው ገብተው ያዩትን ጻፉ። ሠራተኛው ሺፍቱን ሲጨርስ ለፍተሻ ይሰለፋል። ለዚያ ሰዓት አይከፈለውም። ጠዋት አንድ ደቂቃ ብቻ ካረፈደ ግን የ15 ደቂቃ ደመወዝ ይቆረጥበታል። ይህ ሲደመር በሰዓት የሚያገኘው 6.50 ፓውንድ አካባቢ ሆነ። የሕጉ ዝቅተኛ ደመወዝ 6.70 ነበር።

ሃያ ሳንቲም ናት። ለማያውቀው ትንሽ ትመስላለች።

እኔ አውቃታለሁ። በእሱ መጋዘን አልሠራሁም። የሠራሁት ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ሺፍታችን የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ደወሉ ሲደወል መቃኛዋን ማሽን ቦታዋ እመልሳለሁ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደመወዝ የለም። ከዚያ ሰልፍ። ቀበቶ ይፈታል። ኪስ ይገለበጣል። አንዳንዴ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በካልሲ ስትቆምበት ብርዱ ጉልበትህ ድረስ ይወጣል። ከፊቴ ስንት ሰው እንዳለ እቆጥር ነበር። ሠላሳ ከሆነ የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ ማለት ነው። ሃያ ከሆነ ሮጬ እደርስበታለሁ። አንድ ምሽት ከፊቴ የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር አቃታት። ተንበርክኬ አሰርኩላት። ፈታሹ "ሰልፉን አታስቆሙ" አለን። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እሱም እንደኛው በኤጀንሲ የመጣ ነው። አውቶቡሱ አመለጠን። አንድ ሰዓት ተኩል በእግራችን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ሥራ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

ስለዚህ የሽርብሩክን ሪፖርት ሳነብ ለእኔ ዜና አልነበረም። በፓርላማ ኮሚቴ ምርመራ የወጣውን ስሙ። ሠራተኛ መጸዳጃ ቤት ከቆየ፣ ካወራ፣ ታሞ ከቀረ ይመዘገብበታል፤ ስድስት ጊዜ ከተመዘገበበት ይባረራል። ከ2013 መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 2016 ድረስ ወደዚያ መጋዘን 110 ጊዜ አምቡላንስ ወይም የሕክምና መኪና ተልኳል። ከእነዚያ 50ው ለሕይወት የሚያሰጋ ተብሎ የተመዘገበ ነው። በ2014 የአዲስ ዓመት ዕለት አንዲት ሴት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወልዳለች። ይህ አሉባልታ አይደለም። የፓርላማው ሰነድ ነው።

አሽሊ መጀመሪያ ፓርላማ አልቀርብም ብሎ ነበር። በመጨረሻ ሰኔ 7 ቀን 2016 ቀረበ። ፍተሻው ላይ ሰው ይታጎር እንደነበር፣ በዚያ ምክንያት ሠራተኞች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንደተከፈላቸው አመነ። ኩባንያው ከእሱ አቅም በላይ እንዳደገም ተናገረ። የገና አባት አይደለሁም፣ ዓለምን ገነት አደርጋለሁ አላልኩም የሚል ቃልም አለው። ማመኑን አከብራለሁ። ብዙ አሠሪ አያምንም። ኮሚቴው ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ባወጣው ሪፖርት ሠራተኛው መብትና ምኞት እንዳለው ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ መታየቱን ጻፈ። ውዝፍ ደመወዝ ተከፈለ፤ በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል።

በመስከረም ወር ደግሞ ጋዜጠኞችና ባለአክሲዮኖች መጋዘኑን እንዲጎበኙ ተጋበዙ። አሽሊም ሠራተኛው እንዴት እንደሚፈተሽ ለማሳየት ራሱ ፍተሻው ላይ ቆመ። ኪሱ ያለውን አውጣ ሲባል የታሰረ የ50 ፓውንድ ኖት አወጣ። ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። ያን ፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የእኛ ሰልፍ ላይ ከኪስ የሚወጣው የአውቶቡስ ካርድ፣ የቤት ቁልፍና በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ ዳቦ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ ሪፖርት ሲወጣ ሰውየው የኒውካስል ባለቤት ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ ይህን ሁሉ ጻፈ። እግር ኳሱ ግን "ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም" ብሎ ዝም አለ። ስለ መጋዘን የሚጠይቅ ደንብ አልነበረውማ! ከዚያ በኋላም አምስት ዓመት ቆየ።

የእናንተ ጉዳይ የሚሆነው ለምንድን ነው? መጋዘኑ ውስጥ የሆነው ስታዲየሙ ውስጥም ስለሆነ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የሠራተኛው ሩብ ሰዓት በነጻ ተወሰደ። ስታዲየሙ ውስጥ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ስሙ ሳይቀር የሱቁ ማስታወቂያ ሆነ። መጋዘኑ ውስጥ ኤጀንሲ በመሐል አለ፤ ሠራተኛው ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ክለቡ ውስጥም ደጋፊው ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም ነበር። ራፋ ቤኒቴዝን የመሰለ አሰልጣኝ በ2019 ተሸኘ። ደጋፊው ተስፋ ቆረጠ። በጥር 2020 ወንበር ለመሙላት ወደ 10,000 የሚጠጋ የግማሽ ዓመት ትኬት በነጻ እስከመስጠት ተደረሰ። ይህ የሆነው ልጅ ሲወለድ በስሙ ትኬት ወረፋ የሚያዝበት ከተማ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት አገሩ በኮሮና ሲዘጋ ስፖርትስ ዳይሬክት "የእኛ ሱቅ አስፈላጊ ነው፣ ክፍት ይሆናል" ብሎ ተነሳ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ወዲያው ተመለሰ። አሽሊም ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ያኔም ቢሆን ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር።

ጥቅምት 7 ቀን 2021 ክለቡ ተሸጠ። እንደተዘገበው በ305 ሚሊዮን ፓውንድ። በዚያ ምሽት እኔም ወጥቼ ነበር። ስታዲየሙ በር ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዘፍናል። የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የስፖርትስ ዳይሬክት ሰሌዳዎች ከስታዲየሙ ሲወርዱ ቆሜ አየሁ። ከግድግዳው ላይ ቦታቸው ነጥቶ ቀርቶ ነበር።

ግን የገዛው ማን ነው? ያኔ 80 በመቶውን የገዛው የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ሊቀመንበሩ አልጋ ወራሹ ነው። ፕሪሚየር ሊግ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር ሕጋዊ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ አለና አሳለፈው። በዚያ ምሽት ይህን አላሰብኩም። ወደ ቤት ስገባ አገር ቤት ያለች እህቴ ደወለች። ደስታዬን ነገርኳት። "ሳዑዲ ነው የገዛው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ዝም አለች። እኛ ቤት፣ ጎረቤት ቤት፣ የትም ቤት ዓረብ አገር የሄደ ሰው አለ። ዝምታዋ ገባኝ።

በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች አንድ ሪፖርት አወጣ። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በየመን በኩል ድንበር ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደገደሉ ይገልጻል። ቁጥራቸው በመቶዎች፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ነው ይላል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረት የለውም ብሎ አስተባብሏል። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ሪፖርቱ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚናገሩት በእኔ አገር ቋንቋ ነው። ሥራ ፍለጋ ነው የሄዱት፤ እኔም እንደዚያው ወጥቼ መንገዴ ወደዚህ ሆነ እንጂ። የዋንጫ ቀን ደስ ሲለኝ እነሱም ትዝ ይሉኛል።

ደስ ብሎኛል ደግሞ፤ አልዋሽም። መጋቢት 16 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፈን ዋንጫ ወሰድን። ከ1955 ወዲህ በአገር ውስጥ ያገኘነው የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። ሁለተኛዋን ግብ ያገባው አሌክሳንደር ኢሳቅ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን የሆኑ የስዊድን ልጅ ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች ኢትዮጵያዊ ኤርትራዊ ሳንል ተቃቅፈን ጮህን። ያ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሳያዩት አረፉ።

ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ከአሽሊ ወደ ሳዑዲ ስንሄድ መመዘኛው በመሠረቱ ያው ነበር። ለመጀመሪያውም ለሁለተኛውም ዋናው ጥያቄ ገንዘብ ነው። ፕሪሚየር ሊግ በ2023 የሰብአዊ መብት ጥሰትን ከሚያስከለክሉ ነገሮች መሐል መጨመሩን አውቃለሁ። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ሰውየው መጋዘን ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግንባታ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚያደርገውን አያይም።

እናንተ የተቋቋማችሁት በሐምሌ 2025 በጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ነው። ከላይ እስከ አምስተኛው ሊግ ያሉ 116 ክለቦች በእናንተ ሥር ናቸው። የባለቤትን ሐቀኝነትና የገንዘቡን ምንጭ እንድትመረምሩ፣ አሳሳቢ ነገር ሲኖር ነባር ባለቤትንም እንድትፈትሹ ሥልጣን ተሰጥቷችኋል። ይህን ሥልጣን እንዴት እንደምትሠሩበት ነው የምጠይቃችሁ።

የገንዘብ ምንጭ ስትሉ የባንክ ወረቀት ብቻ አትዩ። የሽርብሩክ ገንዘብ ምንጩ ምን ነበር? ከፊሉ ያቺ ሃያ ሳንቲም ናት። ስለዚህ አንድ ባለሀብት ክለብ ልግዛ ብሎ ሲመጣ ሄዳችሁ ሥራ ቦታውን እዩ። ቀጠሮ ሳትይዙ፣ ሺፍት ሲያልቅ ሂዱ። በር ላይ የሚወጡትን ሰዎች በቋንቋቸው አናግሩ። በፖላንድኛ፣ በሮማንያኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛ። የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቁ። መንግሥት ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች የከፈሉ አሠሪዎችን ስም በየጊዜው ያወጣል፤ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ፈልጉ። የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ እሱንም አንብቡ። ይህ ሁሉ ትልቅ ወጪ የለውም። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ክለብ ይዞ እያለ የአገሩ ፓርላማ እንደ 2016ቱ ያለ ሪፖርት ካወጣበት ደግሞ ዝም አትበሉ። ጠርታችሁ ጠይቁት። መልሱን ለደጋፊው በይፋ አውጡት። ባለቤቱ ግለሰብ ሳይሆን የመንግሥት ፈንድ ቢሆንም ጥያቄው አይለወጥ።

የስታዲየሙንም ስም ከክለቡ አርማና ከማሊያው ቀለም እኩል ጠብቁልን። ስለ ጎረቤቴ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጨዋታ ባለ ቀን ስታዲየማችን አጠገብ የክለቡ ደጋፊዎች ለምግብ ባንክ የሚሰበስቡበት ቦታ አለ። ይህን የጀመሩት ደጋፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አሽሊ ገና ባለቤት በነበረበት ዘመን። የሚገባው ሰው ባልዲው ውስጥ ሳንቲም ይጥላል፤ ሌላው ፓስታ፣ የታሸገ ባቄላ፣ የሕፃን ወተት ያስቀምጣል። እኔም ሲመቸኝ እዚያ እቆማለሁ። ከሚሰጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የተቸገሩ ናቸው። አንድ ጊዜ የመጋዘን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ሁለት ፓውንድ ጣለና "ባለፈው ወር እኔም ከዚህ ወስጃለሁ" አለኝ። ክለብ ማለት ለእኔ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱን ስትመርጡልን እነሱን እያሰባችሁ ምረጡልን።

እኔ ራሴ በሠራሁበት በዚያኛው መጋዘን ያሳለፍኳቸውን ወራት የደመወዝ ወረቀቶች አልጣልኳቸውም። ሺፍቴ ያለቀበትን ሰዓት ይናገራሉ። በትክክል ከበር የወጣሁበትን ሰዓት ደግሞ በየማታው ማስታወሻ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ በአማርኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላሳያችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ቀን ቁረጡና ንገሩኝ፤ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኒውካስል የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ደጋፊ